ጭቃው ወደ አልጋው ነበር የሚሄደው

ይሄ ታሪክ እውነት ነው።

አውቃለሁ… ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ደግሞ ወሬ ላይ ጨው በመነስነስ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ አልክድም። አንዲት አይጥ አይቼ «ድመት ታክላለች» ብዬ ሰፈሩን አስቅቄአለሁ። ይሄኛው ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ጨምሬ ከሆነ ያየሁበት ዓይኔ ይጥፋ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም።

ቦታው የአማቴ ቤት ነው።

ሥራዬ እንጨት የሚበሉ ተባዮችን ማጥፋት ነው። ምስጥ በሉት፣ ጥንዚዛ በሉት፣ ጣውላ የሚቦረቡር ፍጡር ሁሉ ስሜን ሲሰማ ጓዙን ጠቅልሎ ቤት ይለቃል። የሰፈር ሰው «ኤክስፐርቱ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ግማሹ ሲያሾፍብኝ ነው። ግማሹ ግን ከልቡ ነው… ይመስለኛል።

እንጨት ታሟል ወይስ አልታመመም ለማለት ማሽን አልፈልግም። በካቻቢቴ እጀታ መታ አደርገውና ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ጤነኛ እንጨት ድም ይላል። የተበላው እንደ ባዶ ካርቶን ነው የሚመልሰው። ከቀዳዳ የሚወርደው ዱቄት ነጣ ብሎ ጣት ላይ ከለሰለሰ፣ ጥንዚዛው ገና ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ሲወጣ ካያችሁ ደግሞ ምስጥ ነው፤ ብርሃን ስለማይወድ ራሱ በሠራው የጭቃ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚሄደው።

የአማቴ ቤት ውስጥ ያየሁት እሱን ነበር። የጭቃውን መስመር።

ቤቱን የባለቤቴ አባት በሕይወት እያሉ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ኮርኒሱ ጣውላ። አማቴ ብቻቸውን ይኖሩበታል። ባለቤቴ «እባክሽ እኛ ጋ ነይ» እያለች ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች። በመጨረሻ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። እንጨቱ ከታመመ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ካልታመመ ግን ከዚያ ቤት የሚወጡት ሲሞቱ ብቻ ነው።

ፍርዱ ለማን ተተወ? ለኤክስፐርቱ።

ወለሉን ጥግ ጥጉን በስቼ መድኃኒት አፈሰስኩበት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ከጭቃው መስመር ስንዝር የሚያህል ፍቄ አነሳሁ። ይሄ የታወቀ ፈተና ነው። ምስጡ ካለ የፈረሰውን መልሶ ይደፍነዋል። ከሞተ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከባለሙያው የሚፈለገው መጠበቅ ብቻ ነው።

እኔ መጠበቅ አልችልበትም።

ገና ሄጄ ሳላይ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ ቤቱ ድኗል አልኩ። አንዲት ምስጥ ከተገኘች ጺሜን እላጫለሁ ብዬም ፎከርኩ። ሰው ሳቀ። አማቴ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱና፣ ጠቅልለው ያስቀመጡትን ሻንጣ ፈቱት።

እኔን አምነው።

እንግዲህ ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ እዚያ የሄድኩት ለዚህ ነው። ኤክስፐርቱ የራሱን ቃል ሊያጣራ ሲሄድ ማንም እንዳያየው፤ አማቴም በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናቸው ብዬ። ባለቤቴ የምታስቀምጠውን መለዋወጫ ቁልፍ ኪሴ ከትቼ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ።

በሩን ከፈትኩት።

ዝም ያለ ቤት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ አልኩ…

የፋቅኩት ቦታ ተደፍኗል።

ተደፍኗል ስላችሁ እንደነበረው እንዳይመስላችሁ። ክንዴን ያክላል። ጨመርክ እንዳትሉኝ፣ ክንዴን አጠገቡ አድርጌ ለክቼዋለሁ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። በጣቴ ስነካው… ሞቀኝ።

ፊቴም አብሮ ጋለ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ሀፍረት ነው። የሚያየኝ ሰው ሳይኖር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

መስመሩን ተከተልኩት።

አንድ ነገር ልክ አልነበረም። ጭቃው ዋናው ምሰሶ ሥር ደርሶ… አልፎታል። ዝም ብሎ ዞሮት አልፏል። ምስጥ እንጨት ጥሎ አያልፍም። የጠገበ ምስጥ አይቼ አላውቅም።

የበሩን መቃንም አልነካም። በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ።

በሩን ገፋ አደረግኩት።

የአማቴ አልጋ የብረት ነው። አንድም እንጨት የለበትም። ጭቃው ግን ወደ አልጋው ነበር የሚሄደው። በብረቱ እግር ላይ ተጠምጥሞ ወጥቶ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ገብቷል።

ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ አማቴ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«እማማ…» አልኩ።

«መጡ?» አሉኝ። በሹክሹክታ።

አንቱ አሉኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንተ ሲሉኝ ነው የኖሩት፤ እናት ምን ትበል? በዚያች ደቂቃ ግን አንቱ መባሌ ደስ አለኝ። ታዩኛላችሁ? ጭቃው እሳቸው የተቀመጡበት አልጋ ሥር ገብቷል፣ እኔ ዛሬ ገና ተከበርኩ እያልኩ ነው።

«ቤቱን እንዴት አገኙት?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እኔን አምነው የፈቱት ሻንጣ ታወሰኝ። ያ ሁሉ ሰው ታወሰኝ። ጺሜ ታወሰኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።



ከዚያ… ኳ። ኳ። ኳ።

«መታ ያድርጉትና ይስሙ» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

ካቻቢቴዬን አውጥቼ የክፍሉን ምሰሶ መታሁት። እንደ ባዶ ካርቶን መለሰ። ጆሮዬን ከመለጠፌ በፊት ግን ሌላ መልስ መጣ…

ኳ።

ሁለቴ መታሁ። ሁለቴ መለሰ።

የምስጥ ወታደሮች ሲነኩ ጭንቅላታቸውን ከእንጨቱ ጋር ያጋጫሉ። ይሄን ለስንት ደንበኛ አስረድቼ አፍ አስከፍቻለሁ። ድምፁ ግን አሸዋ ሲንሸራተት ይመስላል። ደግሞም ምስጥ እስክትጨርስ አይጠብቅህም።

ይሄ ይጠብቀኛል።

የሚመጣውም ከምሰሶው አልነበረም። ከግድግዳውም አልነበረም። ከአልጋው በኩል ነው… እሳቸው ካሉበት።

ከኮርኒሱ ዱቄት መውረድ ጀመረ። ነጭ፣ ለስላሳ። ምሰሶው ሰው ሲሰለቸው እንደሚያደርገው ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለ።

መሮጥ ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ጀግንነት አይደለም የያዘኝ፤ «አማቱን ጥሎ ሮጠ» መባል ነው የያዘኝ።

«እማማ፣ እንውጣ።»

«መሄድ አልችልም… አዝለው ያውጡኝ።»

ጎንበስ አልኩላቸው። ከኋላዬ ጀርባዬ ላይ ወጡ። ስለ ክብደታቸው ሰው ሲጠይቀኝ ኩንታል ሲሚንቶ ነበር የምለው። ዛሬ ልናገር… ምንም አይከብዱም ነበር። ውስጡ ያለቀ ጣውላ አንሥታችሁ ታውቃላችሁ? ክንዳችሁ ለክብደት ተዘጋጅቶ ድንገት ሽቅብ ሲሄድባችሁ? እንደዚያ።

ኮሪደሩን ሳቋርጥ አንገቴ ላይ ትንፋሻቸውን ጠበቅኩ። አልመጣም። በኮሌታዬ በኩል ግን ደቃቅ ነገር ወደ ጀርባዬ ይንቆረቆራል። የኮርኒሱ ብናኝ ነው አልኩ ለራሴ።

ደጁን እንደረገጥኩ ከኋላዬ የመኝታ ክፍሉ ወደቀ። ከተማው ተናወጠ ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። አልተናወጠም። ደክሞት የዋለ ትልቅ ሰው ወንበር ሲያገኝ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ኡህ… ብሎ ተቀመጠ።

ታክሲ አስቆምኩና ከኋላ አስቀመጥኳቸው። እኔ ከፊት ገባሁ።

ሹፌሩ ዘወር ብሎ አየና፣ «ወንድም፣ እንጨቱ ወንበሬን እንዳይቧጭርብኝ» አለኝ።

አማቴን እንጨት ያለ ሹፌር ላይ ምን እንዳወረድኩበት አልነግራችሁም። እሱ በመስተዋቱ ደግሞ አየና ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን እስክንደርስ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

ባለቤቴ ቤት አልነበረችም። ስልኳም አይነሣም። ደረጃ የሌላት ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ናትና እዚያ አስገብቼ አስተኛኋቸው። ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«በሩን ይዝጉልኝ» አሉኝ። «ብርሃን አይስማማኝም።»

ዘጋሁላቸው። ማስታገሻ ልገዛ ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ። ፋርማሲው ሰው በሰው ሆኖ ዘገየሁ። ስመለስ ባለቤቴና አማቴ ተያይዘው በግቢው በር ሲገቡ አገኘኋቸው። ባለቤቴ የእናቷን ክንድ ይዛለች፣ በሌላ እጇ የመድኃኒት ከረጢት አንጠልጥላለች። እኔ ስወጣ መጥታ፣ ክፍሉ ውስጥ አግኝታ፣ ሐኪም ዘንድ ወስዳ መለሰቻቸው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ልበል?

ቤቱ መውደቁን ጎረቤት ደውሎ ነግሯቸው ኖሮ ሁለቱም ሲያለቅሱ ቆይተዋል። እኔም እዚያው በር ላይ፣ ሰው እየተሰበሰበ፣ እንዴት አዝዬ እንዳወጣኋቸው መተረክ ጀመርኩ። አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየች፣ ምራቋን ዋጠች።

ምስጋና መስሎኝ።

ከዚያ ወዲህ ይሄን ታሪክ ያልተናገርኩበት ቦታ የለም። ፀጉር ቆራጩ ጋ፣ ሥራ በገባሁበት ቤት ሁሉ። ሰው የእኔን ወሬ ሳይስቅ ሲሰማ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አማቴ ባሉበት ባወራሁ ቁጥር እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚተኙት ከልጃችን ጋር ነው፤ ሰርቪሷ እንደተዘጋች ናት፣ እዚያ ጉዳይ ያለው ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። «ደህና ነው» ያልኳት ቃል። እሷን ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ይሄን ጽፌ ለእናንተ ከመላኬ በፊት፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ለባለቤቴና ለአማቴ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

አማቴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ…» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለእሱ አትጨነቅ። ያን ቃል ለእኔ አልነገርከኝም።»

አልገባኝም።

«የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው የዋልኩት። ከልጄ ጋር። ቤት አልነበርኩም።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ወለሉን ወለሉን እያየች ነው።

«ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም» አለችኝ። «እማዬም ተይው አለችኝ።»

ስንት ቦታ አውርቻለሁ… ስንት ሰው ፊት። ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን ሲደፉ የኖሩት ስለ እኔ አፍረው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አልዋሸሁም ልላቸው ፈለግኩ። በዕድሜዬ ሙሉ ያልጨመርኩባት አንዲት ወሬ ይቺ ናት ልላቸው ፈለግኩ።

አማቴ በመስኮቱ ወደ ኋላ ግቢ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔስ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ሳፍር ከረምኩ» አሉ። «እዚያች ሰርቪስ ክፍል ያሉት ሴትዮ… ልብስ ላሰጣ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮቷ በኩል ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነው የማያቸው። የእናንተ እንግዳ መስለውኝ… ማን ናቸው ማለቱ ነውር ሆነብኝ።»