የካርቶን ሥልጠና

«ጠቅ በሉ!» አሉ የታሪክ መምህሩ።

«ጠቅ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«ሁለቴ ጠቅ!»

«ጠቅ ጠቅ!»

«ኤሊ፣ አንቺስ? ጓደኞችሽ ገብተው፣ ፈተናውን ጨርሰው፣ ወጥተው ምሳቸውን በልተዋል። አንቺ ገና በሩ ላይ ነሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤሊ ጣቷን ካርቶኑ ላይ እንደ ተከለች አንገቷን ደፋች።

ካርቶኑ የጫማ ካርቶን ክዳን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አምጥቶ በማስመሪያ ከፋፍሎታል፣ በየሳጥኑ ፊደልና ቁጥር ጽፎበታል፤ ኪቦርድ ነው ተብሏል። ማውሱ ደግሞ ክር የታሰረበት የክብሪት ቀፎ ነው። ከኤሊ ጎን የሚቀመጠውና ወሬ ስለማያሳድር ራዲዮ የሚባለው ልጅ ቀፎውን ከነክብሪቱ ስላመጣ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ይንሿሿል። መምህሩ ግን «ይኼ ዘመናዊው ነው» ብለው አልፈውታል።

ላፕቶፖቹማ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው እንጂ ከመጡ ወራት አልፏቸዋል። በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ሥር፣ በየሳጥናቸው፣ ከነላስቲካቸው ተኝተዋል። ተማሪ ሄዶ በመስኮት ቢያጮልቅ ምክትሉ ከኋላው ይደርሳሉ። «እናንተ እጅ ከገቡ ለፈተናው ቀን የሚተርፈው አጥንታቸው ነው» ይላሉ። ስለዚህ ፈተናው በኮምፒውተር ይሆናል ከተባለ ጀምሮ ልምምዱ በካርቶን ነው። አሠልጣኙም የታሪክ መምህሩ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ተመርጠው ሥልጠና የሄዱት እሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ሲመለሱ አንገታቸው ላይ ባጅ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ባጁን እስከ ዛሬ አላወለቁትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ለሌላው ያስተምሩታል።

ኤሊ ደግሞ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። አምና ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትጽፍ ብትዘገይ፣ እኚሁ መምህር «ይቺ ልጅ ኤሊ ናት እንዴ?» አሉ። በቃ፣ ሌላ ሥነ ሥርዓት አላስፈለገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት ሳይቀር «ኤሊዬ፣ ምን ልስጥሽ?» ይላታል። ታናሽ ወንድሟ እራት ላይ ቀስ ብላ ስታኝክ ካያት ያበቃላታል። እንዲህ ያለውን ነገር ተናጋሪው ከደጃፉ ሳይወጣ ይረሳዋል፤ የተባለው ሰው ግን ፀጉሩ ሸብቶም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይነግርሃል።

የዚያን ቀን ግን ኤሊን የያዛት ሌላ ጭንቀት ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ላፕቶፖቹ ተከፍተው ተማሪው የሙከራ ፈተና ሲፈተን ካዩ ትምህርት ቤቱ የፈተና ጣቢያ ይሆናል። ካላዩ ተማሪው ሁሉ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ እዚያው እያደረ ነው የሚፈተነው። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል።

«ልጄ ከቤት ውጭ አታድርም። እዚህ ከሆነ ትፈተኛለሽ፤ ካልሆነ ለከርሞ ይደርሳል።»

ለከርሞ የተባለ ነገር እነሱ ቤት ደርሶ አያውቅም። የታላቅ እህቷም ትምህርት ለከርሞ ተብሎ ነው የቀረው፤ ይኸው ሁለት ልጅ አሳድጋለች፣ ከርሞ ገና አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደተለቀቀ ምክትሉ ኤሊን በረንዳ ላይ አስቆሟት።

«የጽዳት ተረኛ አንቺ ነሽ አይደል? ጨርቅ ያዢና መምህርን አግዢ። ላፕቶፖቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ነው። አደራ፣ ላስቲኩን እንዳትነኩ! ላስቲኩን ነገ እንግዶቹ ፊት የምቀደው እኔ ነኝ።»

ኤሊ ጨርቋን ይዛ ሄደች። የላፕቶፖቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚለማመጥ ድምፅ ይሰማል።

«በል እንጂ ወንድሜ። አታሳፍረኝ። ሰው ነኝ እኮ፣ ሽማግሌ ነኝ።»

ገፋ አድርጋ ስታይ መምህሩ አንድ ላፕቶፕ ፊት ተንበርክከዋል። ላስቲኩ ተቀዶ እግራቸው ሥር ወድቋል። ላፕቶፑ እንደ መጽሐፍ ተገልጧል፣ ፊቱ ግን ጥቁር ነው። መምህሩ በሌባ ጣታቸው አንዱን ቁልፍ ተጫኑና ራሳቸው በአፋቸው «ጠቅ» አሉ። ዝም። «ጠቅ ጠቅ» አሉ። አሁንም ዝም።

ኤሊ ሳቋን በጨርቁ ልታፍነው ስትል የጨርቁ አቧራ አስነጠሳት።

መምህሩ ብድግ ብለው ባጃቸውን አስተካከሉ። «ማነው? እ… አንቺ ነሽ? ፍተሻ ላይ ነኝ።»

«አልከፈት አለ መምህር?»

«እንቅልፍ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች እንቅልፍ አላቸው።»

«እስቲ ሌላውን እንሞክር።»

የሌላውንም ላስቲክ ቀደዱት። ያም ጥቁር ነው። ሦስተኛው ያው ነው።

«ይኼም ተኝቷል?» አለች ኤሊ።

«ከባድ እንቅልፍ ነው» አሉ መምህሩ፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ጤዛ መስሏል።

«ሥልጠናው ላይ በምን ነበር የቀሰቀሷቸው?»

መምህሩ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ሳጥኑ ከሥራቸው ጭምድድ አለ። እሳቸውም አብረውት ጭምድድ አሉ።

«ልጄ፣ ሥልጠናው ላይ አንድ ላፕቶፕ ነበር። ሠልጣኙ አዳራሽ ሙሉ ነው። ከትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የመጡት ከፊት ተቀመጡ። እኔን ‹አባት፣ እርስዎ ወደ ኋላ› አሉኝ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አየሁ ከተባለ ያየሁት የሰው ማጅራት ነው።»

«ታዲያ ጠቅ ጠቅ የሚያሰኙን?»

«ድምፁን ሰምቻለሁ» አሉ መምህሩ።

ኤሊ ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሥላዋለች። እሳቸው ሲዋረዱ፣ እሷ ቆማ ስታይ። ይኸው መጣላት። ግን ደስታው የጠበቀችውን ያህል አልሆነም፤ የተንጣለሉት ጥቁር ፊቶች አባቷን እያስታወሱ አስቸገሯት። ከሌላ ሳጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመዱን አወጣች። የእናቷ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ እንዲሁ ነው የሚጠቁረው። ገመዱን በአንድ ጫፍ ላፕቶፑ ላይ፣ በሌላው ግድግዳው ላይ ሰካች። ጥግ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ አለ።

«በራ!» ብለው ሁለቱም ጮኹ። መምህሩ ከደስታቸው ብዛት ሊያቅፏት ምንም አልቀራቸውም፤ መምህርነታቸው ትዝ ብሏቸው ባጃቸውን አቀፉ።

ከዚያ ዙሪያውን አዩ። ጠረጴዛው ሙሉ ላፕቶፕ ነው። አንዱም ከመጣ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ቀምሶ አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት ደግሞ ያ የሰኩበት ብቻ ነው።

«አሁኑኑ ለምክትል መንገር አለብን» አለች ኤሊ። «ሌሎቹ ክፍሎች ይከፈቱና እየተከፋፈሉ ይሰኩ። እስከ ጠዋት ይደርሳል።»

የመምህሩ ፊት ተለወጠ። «ለምክትል? ላስቲኩን ማን ቀደደው ሲሉኝስ? ሠልጥነህ መጥተህ እንዴት ይኼን አታውቅም ሲሉኝስ? የለም፣ የለም።» ከመሳቢያ ፕላስተር አወጡ። «ላስቲኩን እንመልሰው። ነገ አልነሳ ካሉ ፋብሪካው ይጠየቃል። እኔና አንቺ ምን አገባን?»

«እኔን ያገባኛል መምህር። ጣቢያው እዚህ ካልሆነ አባቴ አያስፈትነኝም። ሌላ ከተማ ሄዳ አታድርም ብሏል።»

«ሌላ ከተማ መሄድ እኮ… አየር መለወጥም ነው» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ራሱ አላመናቸውም። ፕላስተሩን ሊቀድዱ ሲታገሉ አውራ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ከአውራ ጣታቸው ሊያላቅቁት ሲሉ ባጃቸው ላይ ተለጠፈ።

በረንዳው ላይ የቁልፍ ቅጭልጭልታ ተሰማ። በዚያ ግቢ እንደዚያ እየተንቃጨለ የሚሄድ ሰው ምክትሉ ብቻ ናቸው።

ኤሊ ምላሷን አሳከካት። አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብላ «ምክትል ይምጡ! መምህር ላፕቶፕ መክፈት አያውቁም!» ብትል ነገሩ አበቃ። ነገ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ሳይቀር ይሰማዋል። መምህሩን አየቻቸው። ፕላስተሩ ከጣታቸው ወደ ባጁ፣ ከባጁ ወደ ከረባታቸው ተሻግሯል፤ ያ ሰሌዳ ፊት ሲንጎራደድ የምታውቀው ሰውዬ በጭንቅ አንድ እጁ ነፃ ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው» አለች በለሆሳስ። «እርስዎ ካልነገሩ እኔ እናገራለሁ። እስከ አሥር እቆጥራለሁ።»

«አንቺማ ስትቆጥሪ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

በሩ ተከፈተ። ምክትሉ አንድ እግራቸውን አስገብተው ቀሩ። ዓይናቸው መሬት የወደቀው ላስቲክ ላይ ነው።

«ላስቲኩ! ማነው ላስቲኩን የ…!»

ኤሊ ሦስት ላይ ደርሳለች። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሌላም አለ። ሥልጠናው ላይ ላፕቶፕ በእጄ አልነካሁም። ሳስተምር የከረምኩት በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። እነዚህ ሁሉ ባትሪያቸው ባዶ ነው። አሁን ካልተሰኩ ነገ እንግዶቹ የሚያዩት ጥቁር መስታወት ነው። ያገኘችውም ይቺ ልጅ ናት።»

ምክትሉ መምህሩን አዩ፣ ላፕቶፑን አዩ፣ ቀዩን መብራት አዩ። በመጨረሻ፣ «በእጅ ነው ወይስ በምላጭ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ላስቲኩ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬው እንደ እሳት አደጋ ተነሱ። ክፍል ሁሉ ተከፈተ። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራን ማረፊያው፣ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሳይቀር ላፕቶፕ ተሰካበት። ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ከአንዱ ቀይ መብራት ወደ ሌላው እየዞሩ ሲቆጣጠሩ ማደራቸውን በኋላ ለሰው ሁሉ ነገሩ፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

በማግስቱ ገምጋሚዎቹ ሲደርሱ ላፕቶፖቹ በርተው፣ ተማሪው በየፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ምክትሉ አንዲት ላፕቶፕ ከነላስቲኳ ደብቀው አቆይተው ኖሮ፣ እንግዶቹ ፊት በክብር ቀደዷት። ተጨበጨበ። እሷ ግን አልተነሳችም። ትናንት ማን ሰክቷት!

ፈተናው ተጀመረ። ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉት ሴትዮ፣ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይኼ የምሰማው ድምፅ ምንድን ነው? ጣሪያው ያፈሳል?»

ጣሪያው አያፈስም። ተማሪው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር በአፉ «ጠቅ» እያለ ነው። ልማድ ክፉ ነው።

«ልምምዱ በካርቶን ስለነበረ ነው» አሉ ምክትሉ እየተቅለሰለሱ። «ግን ሠልጣኝ ባለሙያ አለን፣ እኚህ መምህራችን…»

«ባለሙያ አይደለሁም» አሉ የታሪክ መምህሩ። «ትናንት ነው የጀመርኩት።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አዩአቸው። ከዚያ ከጓደኞቻቸው ጋር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ሲመለሱ «ጣቢያ ትሆናላችሁ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ተማሪውም መምህሩም በነዚህ ይለማመድ። ካርቶኑን አቃጥሉት።»

ኤሊ ትንፋሿን ለቀቀች። ዛሬ ማታ ለአባቷ የምትለውን በልቧ አሰናዳች፤ አጭር ነው፣ «እዚህ ሆነ» የሚል።

ራዲዮ ከጎኗ በክርኑ ጎሸማት።

«ስሚ፣ ትናንት እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ሆኑ? ‹ትናንት ነው የጀመርኩት› ያሉት ምን ለማለት ነው? የሆነ ነገር አለ፣ አይደል?»

«ተወኝ፣ ፈተና ላይ ነኝ።»

«ሙከራ እኮ ነው! ንገሪኝና ስም እናውጣላቸው። አንቺው አውጪላቸው፣ ሐቅሽ ነው። በዕረፍት ሰዓት ግቢውን ሙሉ አዳርሰዋለሁ።»

ስሙ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ማውጣት እንኳ አያስፈልገውም። «ማጅራት።» አንዴ ከአፏ ከወጣ እስከ ጡረታቸው ይከተላቸዋል፤ ጡረታ ወጥተውም ልጆች በአጥር ሥር በዚያው ይጠሯቸዋል። ኤሊ ቀና አለች። መምህሩ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጎን አጎንብሰው፣ በሌባ ጣታቸው አንድ ፊደል ሲፈልጉ አየች። አላገኙትም። ልጅቷ አሳየቻቸው። «አሃ!» አሉ።

«እሺ በይ እንጂ» አለ ራዲዮ። «ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም» አለች ኤሊ፣ ወደ ስክሪኗ እየተመለሰች። «ቁጥር አራት ላይ ነኝ። አታቋርጠኝ።»