የኤዶ ሃሊሞ አምስት

ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ካዝናው አልተከፈተም።

ቱሪያ ጣቷን ከቁጥሮቹ ላይ አንሥታ ላቡን በቀሚሷ ጠረገች። አምስት፣ ስድስት፣ አንድ፣ ዘጠኝ። «ኤዶ» እያለች የምትጠራቸው አክስቷ ሃሊሞ ሆስፒታል ሲገቡ በጆሮዋ ያንሾካሾኩላትን ቁጥር ቅደም ተከተሉን ሳታዛባ ነክታ ነበር። ከኋላዋ የቆሙት ጎረቤታቸው ፋዱማ የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉ ነበር።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ኒካህ ነው። ልጄ አንገቷ ባዶ ሆኖ አትዳርም።»

ደገመችው። መብራቷም ያንኑ መለሰችላት።

«አቦ፣ የሒሳብ አንደኛዋን አራት ቁጥር አቃታት» አለ በሩን ተደግፎ የቆመው አብዲቃድር። የፋዱማ ልጅ፣ የሙሽራይቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቱሪያ ጋርም አንድ ክፍል ይማራሉ። «ወይስ ወርቁ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ገብቷል?»

«ወሪያ፣ አፍህን ያዝ» አሉት እናቱ። ሆኖም ተግሣጹ ለስላሳ ነበር፤ ልጁ የጠየቀው እርሳቸውም በሆዳቸው የያዙትን ጥያቄ እንደ ሆነ ቱሪያ ከድምፃቸው ዐወቀች።

ኤዶ ሃሊሞ በመጋላ ሠፈር የሰው አማና፣ የሰው አደራ ጠባቂ ነበሩ። የሠፈሩ ሴቶች ወርቃቸውን በጨርቅ ቋጥረው ያመጣሉ፤ «አማና» ብለው ይሰጣሉ፤ በሠርግና በበዓል «አማናዬን» ብለው ይወስዳሉ። ሌላ ቃል አይጨመርበትም። ካዝናውን የገዙት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ። በብረቱ ደረት ላይ ክብ መዘውር ነበረ። ኤዶ ሊከፍቱት ሲፈልጉ ዐይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ይለጥፉና መዘውሩን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዞሩታል። በላዩ የተጻፈውን አያዩም ነበር፤ ቋ፣ ቋ የሚለውን ድምፅ ብቻ ይከተላሉ። ቱሪያ ሕፃን ሳለች፣ ከተማው በሙሉ በሚያንቀላፋበት የቀትር ሰዓት፣ ከካዝናው አጠገብ በምንጣፍ ላይ ተኝታ ያንን ድምፅ ትሰማ ነበር። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና፣ በብረቱ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባቡር በአሸዋ መካከል ወደ ባሕር የምትሄድ ይመስላት ነበር።

ዘንድሮ መዘውሩ አልዞር አለ። በጅቡቲ የሚኖረው የቱሪያ አጎት ነገሩን ሰምቶ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቁጥር እየተነካ የሚከፈት ዘመናዊ ቁልፍ ላከ። የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛው ጋሽ ተሰማ አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ተከሉ። «እንግዲህ ሃሊሞ፣ አራት ቁጥር ምረጪ፤ ለማንም አታሳዪ» ብለው ሁሉንም ከክፍሉ አስወጡ። ኤዶ ብቻቸውን ገብተው ነኩ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ከዚያም ወዲህ ካዝናው አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሏቸው አያውቅም። አሁን ግን ወባ ይዟቸው ሆስፒታል ተኙ፤ የሙሽራይቱ ወርቅም በብረቱ ውስጥ ቀረ።

ቱሪያ የመጠየቂያው ሰዓት እንደ ደረሰ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

«ምን ነካሽ?» አሉ ኤዶ ሃሊሞ፣ ከትራሱ ቀና ለማለት እየሞከሩ። ትኩሳቱ ዐይናቸውን አጉድጉዶታል። «ቁጥሩን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም፣ ኤዶ። አምስት፣ ስድስት —»

«እሽሽ!» አሉ አክስቷ። በሚቀጥለው አልጋ የተኛችው ሴት ፊቷን ወደ እነርሱ አዙራ ነበር። ኤዶ ሃሊሞ የቱሪያን እጅ ወደ አንሶላው ሥር ስበው መዳፏን ዘረጉትና በሌባ ጣታቸው ይጽፉበት ጀመር። ጣታቸው ይፋጃል። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ክብ አደረጉ፤ ዙሪያዋን ዘጉ። በላይዋ ላይ አናቱ ወደ ግራ የታጠፈ መስመር አወረዱ። ቀጥሎ አንድ ቀጥ ያለ፤ ከዚያም ጭንቅላተ ክብ፣ እግረ ረጅም። «ገባሽ?»

አልገባትም፤ ነገር ግን ደክመው ስላየቻቸው ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ቤት ስትመለስ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመች። ወንዙ ውኃ የለውም፤ አሸዋው ብቻ በፀሐዩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። በዚያ ማዶ ያሉት ዛፎች በሙቀቱ ውስጥ ይርገፈገፋሉ፤ በውኃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ ቀን የሚመጣ ያህል ይሰማታል። መዳፏ ግን አሁንም ይሞቃት ነበር። እጇን ገልጣ አየችው። ምንም የለበትም፤ ሆኖም ክቧ በሰውነቷ ላይ ቀርታለች።

ክብ።

ቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳው፣ በሉሁ ላይ ስትጽፍ አምስት ክብ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያንኑ ክብ ሲጽፉ ዜሮ ይሉታል። የቁርኣን ቤቱ ስድስትም አናቱን አጥፎ ሲቆም የትምህርት ቤቱን ሰባት ይመስላል። አንድና ዘጠኝ በሁለቱም ቦታ መልካቸው ያው ነው። ቱሪያ ከሕፃንነቷ ጀምራ ጧት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ትውል ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማ ግን አይታቸው አታውቅም። ኤዶ በአዲሱ ቁልፍ ላይ አምስትን ሲፈልጉ ዜሮን፣ ስድስትን ሲፈልጉ ሰባትን ይነኩ ነበር። ሁልጊዜም ያንኑ ስለሚነኩ ካዝናው ሁልጊዜ ይከፈትላቸው ነበር።

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ባስተማረ ጊዜ ኤዶ ፊደሉን በትጋት ተከታትለዋል። የቁጥር ትምህርት ሲደርስ ግን «ቁጥርማ ከልጅነቴ አውቃለሁ» እያሉ ወደ ሰሌዳው ሳያዩ ከጎናቸው ከተቀመጠችው ሴት ጋር ያወጉ ነበር። የምስክር ወረቀታቸው በመስተዋት ገብቶ እንግዳ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ቤት ስትደርስ ፋዱማ ከሌሎች የሠርጉ ሴቶች ጋር ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። አብዲቃድርም ነበረ። ቱሪያ ለማንም ሳትናገር ወደ ካዝናው ሄደች፤ በሰውነቷ ከልላ ዜሮ፣ ሰባት፣ አንድ፣ ዘጠኝ ነካች። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ቋጠሮውን አውጥታ በፋዱማ ጭን ላይ አኖረችው። «አማናሽ» አለች።

ፋዱማ ፈትተው አዩ፤ ምንም አልጎደለም። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አብዲቃድር። «ቀትር ላይ እምቢ ያለ ብረት ሆስፒታል ደርሰሽ ስትመጪ ተከፈተ። ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ሃሊሞ መጀመሪያ ሌላ ቁጥር ነግራሽ ነበር፤ ጊዜ ልትገዛ ፈልጋ ነው፣ አይደል?»

ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ቱሪያ አዞሩ። ፋዱማም ልጃቸውን አልገሠጹም።

መልሱ ከቱሪያ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ኤዶ በአዲሱ ቁልፍ ላይ አምስትን ከዜሮ አይለዩም፤ ይህን ብትል የውሸት ስም ከሁለቱም ላይ ይነሣል። ነገር ግን ወሬው ገና ከበሩ ሳይወጣ ሳቁ ይጀምራል፤ ቁጥሩም የመንደሩ ሁሉ ቁጥር ይሆናል። ሌላም መልስ ነበራት፤ ቀላል መልስ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር ማለት ትችላለች። ያ ግን ሐሰት ነው፤ በሌሉበት የጋሽ ተሰማን ሥራ ማጉደፍ ነው። ቃላቱን በልቧ አንድ በአንድ እያነሣች መዘነቻቸው።

«ኤዶ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ነው የነገረችኝ» አለች ቀስ ብላ። «የነገረችኝን ያልተረዳሁት እኔ ነኝ።»

አብዲቃድር ለአፍታ ዐይን ዐይኗን አያት፤ ከዚያም ሳቀ። «ወላሂ፣ ይህን ለክፍል ሳልነግር አልውልም።»

ነገረም። በሚቀጥለው ሳምንት ቱሪያ ወደ ሰሌዳው ስትጠራ ከኋላ ወንበር «ናያ አራት ቁጥር» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ሳቃቸውን ጠመኔ በያዙበት እጃቸው ሸሸጉ። እርሷ ጥያቄውን ሠርታ ወደ ቦታዋ ትመለስ ነበር።

ኤዶ ሃሊሞ ድነው ከሆስፒታል በወጡ ዕለት ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ፋዱማ ከሠርጉ የተረፈውን ሐልዋ ይዘው መጡ፤ የካዝናውንም ነገር እያሳሳቁ አወሩ። ኤዶ ከሁሉ ይልቅ ሳቁ።

«እኔ እኮ አንድ በአንድ ነው የነገርኋት» አሉ፣ ወደ ግድግዳው በአገጫቸው እየጠቆሙ። «መዳፏ ላይ ሳይቀር ጽፌላታለሁ። የዛሬ ተማሪ እንዲህ ነው፤ እኛ በአንድ ክረምት የተማርነውን እነርሱ በስንት ዓመት አያውቁትም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቱሪያ ሻሂውን በየብርጭቆው ትቀዳ ነበር፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ጥቂት ሻሂ ከብርጭቆው አልፎ በሳሕኑ ላይ ፈሰሰ። ጠረገችውና ለፋዱማ አቀረበች።

እንግዶቹ አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። ቱሪያ የመጨረሻዋን ሴት እስከ ግቢው በር ሸኘቻት፤ በሩን ዘግታ ተመለሰች። ኤዶ ሃሊሞ ፊታቸውን በሻሻቸው እያራገቡ፣ ገና ከሳቁ ያልወጡ፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ኤዶ» አለች በሶማሊኛ፣ ድምፅዋን ከግድግዳው እንዳያልፍ ዝቅ አድርጋ፤ «ቅር እንዳይልሽ። ስለ ቁጥሩ በሰው ፊት ያልነገርሁሽ ነገር አለ።»