ሰባት ታርጋ፣ አንድ ፍሬን

የልጅ ልጇን ዲንኪቱን ሐሙስ ዕለት ወደ ዶሎ የሚወስዳት የትኛው መኪና ነው?

ዘርፈሽ ይህን ጥያቄ ስታነሳ ስትጥል ሰንብታለች። መልስ የለውም። ታርጋው ዛሬ እዚህኛው ላይ ነው፣ ነገ እዚያኛው ላይ። በታርጋ የሚያምን ሰው ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

አሁን አፈሩ ላይ በጀርባዋ ተኝታ የመኪናውን ሆድ ታያለች። እጇ ውስጥ ወስፌ አለ። ለላኳት ሰዎችም ስሟ «ወስፌ» ነው።

የ«ደዋ ዳር» የጭነት ማኅበር ግቢ ውስጥ ሸራ ትሰፋለች። ነገሌ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከመኪና ሥር ጥላ ፈልጋ ብትተኛ ማን ይጠረጥራታል?

ማኅበሩ ሰባት መኪና አለው። ፍሬኑ የሚይዘው ግን አንዱ ብቻ ነው። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ያ ደህነኛው ይገባና ያልፋል። ከግንቡ ጀርባ ታርጋ ይቀየርለትና እንደገና ይገባል። እንደገናም ያልፋል። ሰባት ቦሎ ይለጠፋል። ባለፈው ዝናብ ስምንተኛ የነበረው መኪና ጭነቱ ላይ ከተሳፈሩት ሰዎች ጋር ገደል ሲገባ፣ ወረቀቱ «ፍሬን፦ ደህና» ይል ነበር።

ዘርፈሽ የዚህን ደህነኛ መኪና ቀለም በወስፌ ፋቀች። ብረቱ ላይ፣ ታርጋ ቢቀየርም የማይቀየር የከብት ምልክት ጫረች። ሟቹ ባሏ ከብት ነጋዴ ስለነበር የየጎሳውን ምልክት ታውቃለች። ይኼኛው የጃታኒ ጎሳ ነው። ጃታኒ የግቢው በያጅ ነው። ምልክቱን ያለ ነገር አልመረጠችውም።

ኮቴ ተሰማ።

«አኮ! እዚያ ሥር ምን ያደርጋሉ?»

ራሱ ጃታኒ ነው፤ አሮጊት ሁሉ ለእሱ «አኮ»፣ አያት ናት።

«ጥላ ፈልጌ ነዋ። ምነው፣ ጥላም መሸጥ ጀመራችሁ?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣች። ቆዳ ገዢ የሚመስል ጎልማሳ ሸራዎቿን አገላበጠ። ኃይለመስቀል ይባላል። ከአዲስ አበባ በምስጢር የተላከ የተሽከርካሪ መርማሪ ነው።

«ለዝናብ የሚሆን ሸራ ይኖርዎታል?»

«የዝናብ የለኝም። የፀሐይ ነው ያለኝ።» አለች፤ የይለፍ ቃላቸው ነው።

«የት ላይ ተወጋ?»

«ከኋላ አክስሉ ፊት፣ በቀኝ።»

«ማክሰኞ እገባለሁ። አያውቁኝም።»

«በልተሃል ግን? ፊትህ ከስቷል።»

«እማማ፣ ሥራ ላይ እኮ ነን!»

«ሥራ ላይ ሲሆኑ ሆድ ይታሸጋል እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ዋቅጅራ አስጠራት። ጃታኒ ከኋላው ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሸጧታል።

«እንግዲህ አሮጊት፣» አለ ዋቅጅራ፣ «ማን እንደላከሽ አልጠይቅሽም። የልጅ ልጅሽ ለክሊኒኩ መድኃኒት ይዛ ሐሙስ ትወርዳለች አሉ። ደህነኛው ላይ ላሳፍራት ወይስ እጮኛዋ ይውሰዳት?»

እጮኛዋ ጉዮ የማኅበሩ ሾፌር ነው። ፍሬን የሌለውን መኪና «በማርሽ እይዘዋለሁ» እያለ ይፎክራል።

ዘርፈሽ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ዝም ካልኩ ዲንኪቱ ሁልጊዜ ደህነኛው ላይ ትሳፈራለች?»

«ሁልጊዜ።»

«ሌሎቹ ላይ የሚወጡትስ? እናት የላቸውም?»

«እሱ አንቺን አይመለከትም።»

«ይመለከተኛል! እንደ ፈለግህ አድርግ። አፌን በልጄ አትገዛውም።»

ዋቅጅራ ወደ ጃታኒ ዞረ። «ምልክቱን ዛሬውኑ ፋቀው። እሷ ምርመራው እስኪያልቅ ከግቢ አትወጣም።»

ማክሰኞ ኃይለመስቀል ቱታ ለብሶ፣ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ለዓመቱ ምርመራ ግቢ ገባ። ዘርፈሽን አላያትም። መጀመሪያ የቀረበለት መኪና ሥር ገባና ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

ምልክቱ የለም።

ዘርፈሽ እጅጌውን አየች። ወፍራም፣ ትኩስ ግራሶ። አክስል ፊት ያለ ባዶ ብረት ግራሶ ምን ያደርግለታል?

መርፌዋን ጥላ ተነሳች።

«ኧረ ልብሱን! የሰው ልጅ ልብስ እንዲህ ይጨማለቃል? እንካ ጨርቅ! ሥሩንም ጥረገው፣ አለበለዚያ ገብተህ በወጣህ ቁጥር ይነካሃል!»

«ዞር በይ አንቺ!» ጮኸ ዋቅጅራ።

ኃይለመስቀል ጨርቁን ተቀበላት። ተመልሶ ገባ። ቆየ።

«ደህና ነው» አለ ሲወጣ። «ቀጣዩን አስገቡ።»

ያው መኪና በሌላ ታርጋ ገባ። ምልክቱ አለ።

በሦስተኛ ታርጋ ገባ። አሁንም አለ።

ኃይለመስቀል ቱታውን አራገፈ። «በሩን ዝጉት። ሰባቱንም ጎን ለጎን አቁሙልኝ። አሁን!»

ዋቅጅራ ጃታኒን አየው። ጃታኒ ቀና ብሎ አየው።

ፖሊሶቹ ታርጋ ሲፈቱ ዘርፈሽ ወደ በያጁ ጠጋ አለች።

«ለምን አልፋቅኸውም?»

«የአባቶቼን ምልክት ፍቄ?» አለ ጃታኒ። «አኮ፣ ምልክት የሚፍቅ እኮ የከብት ሌባ ነው። በግራሶ ቀባሁት። ከዚያ በላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

እሷም የተማመነችው በዚሁ ነበር። ቢደርሱባትም መሣሪያ ይዞ የሚላከው እሱ መሆኑን ታውቅ ነበር።

«እኔን ስትሸጥስ ታዘዘልህ?»

ጃታኒ ዞር ብሎ ወደ መበየጃው ሄደ።

የስድስቱ ፍሬን አልያዘም፤ መኪኖቹ ታሸጉ። ዋቅጅራ ታሰረ። ሾፌሮቹም ታሰሩ። በመካከላቸው ጉዮ ነበር።

በማግስቱ ኃይለመስቀል አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያስራል። ዘርፈሽ በዚያ አለፈች።

«ወስፌ የሚባል ሰው የለም» አላት ቀና ሳይል። «ለማንም። ለቤተሰብም።»

«ጉዮስ?»

«እያወቀ ሰው ጭኗል።»

«ልጅ እኮ ነው።»

«የጫናቸውም ልጆች ነበሩ፣ እማማ።»

በሐገረ ማርያም አውቶቡስ ሄደ። ዞር ብሎም አላያት።

ሰፈርተኛው ሲጠይቃት «ዓይኔ ክሩን እንኳ አያይ፣ እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ» አለች። ሰውም አመናት። ሌላ ግቢ ሌላ ሸራ ሰጣት። እንደ ድሮው ማንም ልብ የማይላት አሮጊት ሆነች።

ዲንኪቱ ብቻ አላመነችም። ሐሙስ፣ ዶሎ ትሄድበት በነበረው ቀን፣ ከእስር ቤት ተመለሰች። ለጉዮ የወሰደችው ምግብ እንዳለ ነው። ዋቅጅራ በመስኮት ሁሉንም ነግሯታል።

«አኮ፣ ጉዮን ያሳሰሩት አንቱ ነዎት?»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ። ከንፈርሽ ደርቋል።»

«አንቱ ነዎት?»

መካድ ነበረባት። ትእዛዙ ያ ነው። ዘርፈሽ የልጅቱን ፊት አየችው፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ዓይኑ በሕይወት ያለ። ከገደል ሥር የሚለቀም ፊት አይደለም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ። ጥይኝ። ብቻ ኖረሽ ጥይኝ።»

ዲንኪቱ ምግቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልብሷን በአንሶላ ቋጠረች። ዘርፈሽ ብርድ እንዳይመታት ሹራብ አንስታ ዘረጋችላት።

ልጅቱ ሹራቡን አልፋ ከቤት ወጣች።