ሠላሳ ሁለት ሰከንድ

«ስታስተካክይ ክፈቺው፣ ስታትሚ አጥብቢው» አለ አባቷ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ጣቱን ከፎቶ ማተሚያው ማጉያ ሌንስ ቀለበት ላይ ሳያነሳ። ቀለበቱ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። «ወለል አድርገሽ ከከፈትሽው ብርሃኑ ይበዛል፣ ሥራው ይፈጥናል፤ ግን መሀሉ ብቻ ይጠራና ዳር ዳሩ ይፈዛል። ሁለት ቀጭ ብታጠብቢው ጠርዙም ይጠራል። አንድ ቀጭ ባጠበብሽ ቁጥር ታዲያ ብርሃኑን የምታበሪበት ሰዓት እጥፍ ነው።»

ሰኞ ትምህርት ቤት፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ሌንስ ማስረዳት የልጅቷ ተራ ነበር። ደብተሯ ላይ «ዳር ዳሩ ይፈዛል» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋ እዚያው ቆመ።

ሳሎናቸው ውስጥ አባቷ ያነሳው አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ዐሥራ አንድ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ተደርድረዋል። መሀል የተቀመጡት አለቃ የጢማቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። በግራ ጫፍ የቆመችው እናቷ ግን ከእንፋሎት ጀርባ ያለች ትመስላለች። ልጅቷ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው እናቷ ያረፈችው፤ ሌላ ፎቶ የላትም። አባቷ የሰፈሩን ሰው ከነውሻው «አትተንፍሱ» እያለ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሲያነሳ የኖረ ባለሙያ፣ ሚስቱን ለብቻዋ ግን ነገ አነሳታለሁ ሲል ከረመ። ነገ ደግሞ እንደ ልማዱ ሳይመጣ ቀረ።

ዘመድ በመጣ ቁጥር «ቁርጥ እናትሽን» ይላታል። ምኗን እንደሆነ የሚነግራት የለም። እንግዳው ሲሄድ ፎቶው ፊት ትቆምና ዓይኗን ታጠብባለች። እንፋሎቱ ግን አይገፈፍም።

«አባዬ፣ የሳሎኑን ፎቶ ሌንሱን ከፍተህ ነው እንዴ ያተምከው?»

አባቷ የሌንሱን አቧራ ሊጠርግ ጎንበስ አለ። ሌንሱ አቧራ አልነበረውም።

«ለለቅሶው ነበር። ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላማ…» አለና የምርቃት ፎቶ ቀጠሮ እንዳለበት ድንገት ትዝ አለው። ካሜራውን አንግቶ ወጣ።

ኔጌቲቩን፣ ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። መሳቢያው ውስጥ ካሉት ፖስታዎች ሁሉ የዚህኛው ጫፍ በጣት ከመነካካቱ ብዛት ለስልሶ ጨርቅ መስሏል።

ፊልሙን ማጉያው ውስጥ አስገብታ አበራችና፣ ምስሉ እንዲተልቅ የማጉያውን ራስ እስከ ጫፍ ከፍ አደረገችው። የእናቷ ፊት የእሷን ፊት አከለ። በኔጌቲቭ ሁሉም ነገር ግልብጥ ነውና ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ ያልደረሰችበትን እርጅና አርጅታ ታየች። ልጅቷ ጠጋ አለች። በተጠጋች ቁጥር ፊቱ እየተበተነ፣ ጉንጩም ዓይኑም አሸዋ እየሆነ ሄደ። መዳፏን ዘረጋችበት፤ አሸዋው መዳፏ ላይ አረፈ እንጂ ፊት አልሆነም።

ከዚያ የማጉያውን ራስ ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደችው። ፊቱ ጥፍሯን እስኪያክል ድረስ አወረደችው። ሌንሱን ከፍታ አስተካከለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ አጠበበችው። ክፍት ሳለ ስምንት ሰከንድ የሚፈጀው ሠላሳ ሁለት ሆነ። በቀዩ መብራት ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ በአንድ ቆጠረች።

ወረቀቱ ፎቶ ማውጫው መድኃኒት ውስጥ መጀመሪያ የአለቃውን ጢም አወጣ፤ አለቃ መቼም አይቀደሙም። ቆይቶ ግራው ጫፍ መጣ። እናቷ ወደ ካሜራው እያየች አልነበረም፤ ከካሜራው ኋላ ያለውን ሰው እያየች ነው። ሳቋን ለማፈን ታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች። ግራ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቅሏል። «አትተንፍሱ» ተብላ መሆን አለበት።

ልጅቷ ጨለማው ውስጥ የራሷን ግራ ቅንድብ ዳሰሰች።

አጥባ ገመዱ ላይ እንደሰቀለችው በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። ጨለማው ክፍል ሳይፈቀድለት ማንም አይገባበትም፤ ባለቤቱም ቢሆን።

«ልግባ?» አለ አባቷ።

የወረቀቱ ካርቶን ተከድኗል፤ ብርሃን ቢገባ የሚበላሽ ነገር አልነበረም። እጇ ግን ፎቶውን ከመቆንጠጫው ልታላቅቅ ተነሳ። መሳቢያው ክፍት ነው፤ ውስጡ አንድ ፎቶ የሚደበቅበት ቦታ መቼም አይጠፋም። ከፖስታው የለሰለሰ ጫፍ ላይ ዓይኗ አረፈ፤ እጇን መለሰች።

«ግባ፣ አባዬ።»

በሩን ከፈተችለት። ነጩን መብራት ግን ራሱ እንዲያበራው ተወችለት።