ሁለት ዋኖሶችና ግዛቸው

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግዛቸው ከእንጦጦ ሥር ባለው የጋራ አትክልት ቦታ፣ በገዛ ጎመኑ መካከል ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያገኙት ጋሽ ዓለሜ ናቸው። የመድኃኒት መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። ለመጡት ፖሊሶች ነገሩ ግልጽ ነበር። አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ፀረ ተባይ ሲረጭ የሞተ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ኢንስፔክተር ሰምሀል ግን ከአስከሬኑ ይልቅ ጎመኑን ነበር የምታየው። ቅጠሉ ላይ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ድንቢጦች ከመደብ መደብ እየዘለሉ ትሎቹን ይለቅማሉ፤ አንዷም አልተዝለፈለፈችም። የመርጫውን ታንክ ወዘወዘችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ይህ ሰው ዛሬ አንዲት ጠብታ አልረጨም» አለች።

ከጎመኑ ፊት ለፊት ወዳለችው የቆርቆሮ ጎጆው አለፈች። ሌላው ሁሉ ጭቃና ቅጠል ሆኖ ደጃፏ ብቻ ጥርግ ብሏል። አጥሩ ሥር፣ ቆስጣው ውስጥ ሁለት ዋኖሶች ሞተው አገኘች። አንዱን በሴንጢ ከፈተችው። አንገቱ ሥር ያጠራቀመው እህል የተቆላ ገብስ ነበር፤ ቆሎ። ከጎጆው ውስጥ ግን አንዲት የቆሎ ፍሬ እንኳን አላገኘችም።

ቦታውን ከግዛቸው ጋር የሚያለሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጋሽ ዓለሜ፣ ኑሪና መሰለች። ሰምሀል በየተራ አነጋገረቻቸው።

ጋሽ ዓለሜ ዕድሜያቸውን በአትክልተኝነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ግዛቸው ወፎችን ለመጨረስ በቀይ መርዝ የታሸ ስንዴ ሲበትን ደርሰውበት፣ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት «ያበላኸውን ያብላህ» ብለው ረግመውታል። አልካዱም። «እርግማኔን እግዜር ሰምቶ ከሆነ እሱን ጠይቂው፣ ልጄ» አሏት።

ባለሱቁ ኑሪ ደግሞ ከሟቹ ጋር በመስኖ ውኃ ሲካሰስ የከረመ ሰው ነው። በአጭር በአጭሩ ሲመልስ ቆይቶ፣ የማለዳው ነገር ትዝ ሲለው ብስጭቱ መጣ።

«መሰለች ዋኖሶቹን ከግዛቸው ደጃፍ በድንጋይ እያባረረች ሁሉንም ሰላጣዬ ላይ ነዳችብኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ።»

መሰለች ግን ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጩኸት ሰምታ መምጣቷን ነው የተናገረችው። ባለፈው ዓመት የአምስት ዓመት ልጇን የቀበረች፣ ድምጿ ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። መደቧ ዳር ለወፎች ውኃ የሞላ ገበቴ አለ፤ አጠገቡ ማሽላ ተበትኗል። ሰምሀል ገበቴውን ስታይ ነገሩ ተገጣጠመላት። የደረሰችበት እውነት ባይሆን ደስ ባላት ነበር።

ሦስቱንም ከግዛቸው ጎጆ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«ግዛቸው መድኃኒት አልረጨም፤ ትሎቹ በሕይወት አሉ። የገደለው የበላው ቆሎ ነው። ማለዳ እዚህ ቁጭ ብሎ በላ፤ መርጫውን አዝሎ ጎመኑ ውስጥ ሲገባ ወደቀ። ከእጁ ያመለጠውን ፍሬ ሁለት ዋኖሶች ለቀሙት። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ የቆሎውን ከረጢት ወሰደ፤ ደጃፉን ጠረገ።» ወደ መሰለች ዞረች። «ያ ሰው እየጠረገ ሳለ ሌሎች ዋኖሶች መጡ። ደጃፉ ላይ ያለው እህል መርዝ እንደሆነ በዚያ ሰዓት የሚያውቅ፣ መርዙን ያስገባው ብቻ ነው። በየቀኑ ወፍ የምታበላ ሴት ደግሞ ወፍ በድንጋይ የምታባርረው እንዳይሞት ፈርታለት ነው፣ መሰለች።»

ኑሪ አፉን በእጁ ያዘ። መሰለች አላለቀሰችም።

«ሁለቱ ቀድመውኝ በልተው ነበር» አለች። «በእነሱ አዝናለሁ። በእሱ አላዝንም።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ልጇ ሚልካ የሞተችው በመርዝ እንደሆነ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ከየት እንደመጣ ግን ማንም አላወቀም። ለቅሶ ላይ ግዛቸው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ንፍሮዋን እየበላ፣ እናቲቱ የአይጥ መርዝ ቤት ውስጥ ስትጥል በዓይኑ እንዳየ አወራ። ሰው አመነው። ባሏም አመነና ጥሏት ሄደ። እሷም ራሷን ተጠራጥራ፣ ዓመት ሙሉ በጸሎት ቤት ወለል ላይ ተደፍታ ያልሠራችውን ኃጢአት ስትናዘዝ ኖረች። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ዓለሜ በቁጣ ያሳዩዋትን ቀይ ስንዴ ስታይ ግን አወቀችው። በሚልካ ሹራብ ኪስ ውስጥ ያገኘችው እሱኑ ነበር። ልጅቷ ለዋኖሶቿ ልትሰጥ ለቅማ፣ ወደ ራሷም አፍ ጨምራለች።

«የዘገየ እንቁጣጣሽ ብዬ ቆሎውን በእጄ ሰጠሁት። መርዙ የራሱ ነው፤ ከጎጆው ነው የወሰድኩት። ‹ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?› አለኝ። ያን ጊዜ እያወቀ እንደዋሸ ገባኝ። ‹ብላ› አልኩት።»

«ወደ እኛ ለምን አልመጣሽም?» አለች ሰምሀል።

«ልጄ የሞተች ሰሞን ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። እናንተም የጠየቃችሁኝ ስለ አይጥ መርዝ ብቻ ነበር።»

ሰምሀል ሹራቡ የት እንዳለ ጠየቀቻት። መሰለች ነጠላዋን ገልጣ ከብብቷ አወጣችው፤ ስንዴው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰምሀል በጥንቃቄ ተቀብላ በማስረጃ ከረጢት አሸገችው። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ የሟች ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁለት ስም አሰፈረች። ቀድማ የጻፈችው የሚልካን ነው።