የአባዬ እንቅልፍ

አረንጓዴው መብራት በርቷል፤ አውቶቡሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከኋላ የቆመ ታክሲ ክላክስ አደረገ። ሌላው ተቀበለው። ሚጣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ ላይኛው መስታወት ስትመለከት የአባቷን ፊት አየችው። ዓይኖቹ ተከድነዋል። እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ፣ እጆቹ መሪውን እንደያዙ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሏል።

«አባዬ» አለች በቀስታ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋ።

አባቷ ብንን ብሎ ማርሽ አስገባ። አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ሲነሳ የቆሙት ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ተደጋገፉ። «ሾፌር፣ አልጋ እናንጥፍልህ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ፤ አባቷም አብሮ ሳቀ። ሚጣ አልሳቀችም። እሷ የምታየው ከፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ ማቋረጫ ነበር። እንደ እሷ ዩኒፎርም የለበሱ ትንንሽ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው አሁን ገና ተሻግረው መጨረሳቸው ነው።

ትምህርት ቤቷ አጠገብ ባለው ፌርማታ ላይ አባቷ ጎማ የሚያይ መስሎ አብሯት ወረደ።

«ሚጣ፣ ያየሽውን ለእናትሽ አታንሺላት። ትጨነቃለች። ደግሞ ቆሜ እያለሁ ነው እንጂ እየነዳሁ አይደለም። ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።»

«እሺ።»

«ቃል?»

«ቃል» አለች። ዓይኖቹ ቀልተው፣ ከሥራቸው ያለው ቆዳ እንደ አሮጌ ቦርሳ ተንጠልጥሎ ስታየው ሌላ ምንም ማለት አልቻለችም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የአባቷ እንቅልፍ ሰፈር የሚያውቀው ነበር። ራሱን ትራሱ ላይ ሲያሳርፍ ማንኮራፋቱ ይጀምራል፤ ግድግዳውን አልፎ እሷና ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ የሚተኙበት ክፍል ይደርሳል። እናቷ «ወፍጮው ተነሳ» ትላለች። አብረዋቸው የሚኖሩት አያቷ፣ የአባቷ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ስለነበሩ ቀልድ አያልቅባቸውም። «ይሄ ልጅ ሲወለድ እኮ አላለቀሰም። እያንኮራፋ ነው የመጣው» ይሉ ነበር። ሚጣ ትንሽ ሆና ሌሊት መብረቅ ሲያስደነግጣት ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። ወፍጮው እየፈጨ እስከሆነ ድረስ ወደዚያ ቤት ክፉ ነገር የሚገባ አይመስላትም ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ ሙሉ ነበር።

ከዚያ አያቷ ታመሙ። አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሙ ቆዳቸው እንዳይቆስል ሌሊትም መገላበጥ አለባቸው አለ። እናቷ ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መኪና ላይ አቀርቅራ ትውላለች፤ ስለዚህ አባቷ «የሌሊቱን ለእኔ ተዉት» አለ። ከዓመት በላይ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ አባቱን አገላበጠ። አንዳንዴ ሚጣ ስትነቃ ከአያቷ ክፍል የሁለቱ ድምፅ ይሰማታል። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የታፈነ ሳቅ። በዚያ ሰዓት አባትና ልጅ ምን እንደሚያስቃቸው ጠይቃ አታውቅም።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ አያቷ አረፉ። ሁሉም ሰው አባቷ አሁን እንቅልፉን የሚጠግብ መስሎት ነበር። ወፍጮው ግን ቆመ። ሚጣ አሁን አባቷ መንቃቱን የምታውቀው ቤቱ ጭጭ ሲል ነው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መላ መፈለግ ጀመረች። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስትጠይቃቸው ዕፅዋት ማጠጣታቸውን ትተው አሰቡ። «ሲመሽ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፍ። ከዚያ ስልክ የሚባል ነገር እንዳይነካ» አሏት።

«ስልክ እንኳን አይነካም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እግሩን ብቻ ይዘፍዝፍ።»

ባለሱቁ ትኩስ ወተት በማር አለ። እናቷ የማታ ሻይ ከለከለች። ማሙሽ በበኩሉ አውቶቡስ እንዲቆጥር መከረው። አባቷ ሁሉንም ሳያጉረመርም ሞከረ። ሚጣ ሳፋውን ስትሞላለት እግሩን ነክሮ እንደ ንጉሥ ይቀመጣል፤ ወተቱንም ይጠጣል። ጠዋት ግን ፊቱ ያው ነው።

«ወተቱስ?» ትለዋለች።

«ወተቱ ሆዴ ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ አደረ።»

«አውቶቡሶቹስ?» ይላል ማሙሽ።

«ቆጠርኳቸው። ሁሉም አርፍደው መጡ።» ከዚያ ወደ እናቷ ይዞራል። «አንቺም ሻዬን ወሰድሽ እንጂ እንቅልፌን አልመለስሽልኝም።»

ይስቃሉ። ሚጣም ትስቃለች። ግን ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲወጣ ልቧ አብሮት ይወጣል። በየማቋረጫው አብራው ልትሆን አትችልም።

ጓደኛዋ ፌንጣ ትባላለች፤ አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማትችል ክፍሉ ያወጣላት ስም ነው። ሚጣ በእረፍት ሰዓት ሁሉንም ነገረቻት። በማግስቱ ፌንጣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«የእናቴ ክኒን ነው። አንዷን ከዋጠ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ምን?»

«ጎህ ሳይቀድ እኮ ነው መሪ የሚይዘው።»

«አቦ አታካብጂ። ሰው ተኝቶ ይነቃል።»

«ለእማዬ ብነግራት ይሻል ይሆን?»

ፌንጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለች። «ቃል ገብተሽለታል አይደል? ደግሞ ወሬው ሥራው ቦታ ቢደርስስ? አባትሽን በገዛ አፍሽ ከመሪው ልታወርጂው ነው?»

ሚጣ ክኒኑን የእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ወደ ቤት ስትሄድ ግን እግሯ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰዳት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ክኒኑን አገላብጣ አየችው።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠፈችው። «ይሄ ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ነው። ሲነጋም ከሰውነቱ አይወጣም። እዚሁ ትተሽልኝ ሂጂ፤ አባትሽን ሐኪም ይየው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መሪ ላይ ሸለብ አድርጎት ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ሚጣ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ጋለ። እስከ ቤት ድረስ ያቺን ቃል እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ይዛ ሄደች።

ያን ሌሊት እሷም አልተኛችም። የኮሪደሩ ወለል ሲንቋቋ ተነሳች። የአያቷ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ብርሃን ይታያል። አባቷ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሁለት መዳፎቹን ፍራሹ ላይ ዘርግቷቸዋል።

«ቀሰቀስኩሽ?»

«አይ።» አጠገቡ ተቀመጠች። «እዚህ ሆናችሁ ምን ነበር የሚያስቃችሁ?»

ፊቱ ፈታ አለ። «የሙሽራው ታሪክ። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ጠዋት ሊስተካከል መጥቶ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። አባባ ልቀስቅሰው ቢሉ ያሳዝናቸዋል። አንዱን ሌሊት 'ሚዜዎቹ ከነወንበሩ ተሸክመው ወሰዱት' ይሉኛል። በሌላው 'ሙሽራዋ መጥታ አጠገቡ ተኛች' ይላሉ። መጨረሻውን በየቀኑ ይቀይሩታል። በኋላ በኋላ አፋቸው ሲተሳሰር እንኳን በአንድ በኩል ይስቁና፣ እኔ እጨርሰው ነበር።»

ቁም ሳጥኑ አሁንም የመላጫ ሳሙና ይሸታል።

«የማገላብጣቸው በዚህ ሰዓት ነበር» አለ አባቷ። «እጄ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። አልጋው ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ አውቄም እመጣለሁ።»

ሚጣ እጁን ያዘችው። ሰፊ ነው፤ መሪ ያሻከረው። እንዲህ ተቀምጣ ዝም ብትል ደስ ባላት። ቀላሉ እሱ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ አትንዳ።»

«ተመድቤያለሁ እኮ።»

«የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ መሪ ላይ ተኝቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት።» እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ያን ቀን ልጆቹ ተሻግረው ነበር። ባይሻገሩስ? ለእማዬ ልነግራት ነው። ከጀርባህ ግን አልነግራትም፤ አንተ ባለህበት ነው።»

አባቷ እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ። «ሂጂ ተኚ» አለ።

ጠዋት እናቷ ዳቦ ትቆርጣለች። አባቷ ዩኒፎርሙን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሚጣ ነገረቻት። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ተሳፋሪዎቹ መሳቃቸውን፣ ልጆቹን። ስትጨርስ እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሌሊት እንደምትነሳ አውቃለሁ» አለችው፣ ሚጣን ሳይሆን እሱን እያየች። «ዓይኔን ጨፍኜ እግርህን ሳዳምጥ ነው የማድረው። እኔም የነቃሁ መሆኔን ካወቅክ ትጨነቃለህ ብዬ ነው። መብራቱን ግን አልነገርከኝም።»

አባቷ የዩኒፎርሙን ኮት አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው፤ ስልኩን አንስቶ ወደ ግቢ ወጣ። ለስምሪት ኃላፊው ሲያስረዳ ድምፁ ይሰማል። «አዎ፣ ጌታዬ። አይ፣ አልታመምኩም። እንቅልፍ ነው። አዎ፣ እንቅልፍ።»

ኃላፊው አጉረመረመ፤ ቢሆንም ከመሪ አንስቶ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡሶች ሲገቡና ሲወጡ የሚቆጣጠር ሥራ ሰጠው። የሥራ ጓደኞቹ «እንቅልፌ» የሚል ስም አወጡለት። ሐኪሙ ክኒን አላዘዘለትም። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲተኛና እንዲነሳ፣ ቀን እንዳያንቀላፋ፣ ሲነቃም አልጋ ላይ እንዳይገላበጥ ነገረው። «ሰውነትዎ ዘብ መቆም ለምዷል። ለመልመድ ዓመት ከፈጀበት፣ እስኪረሳው መታገስ ነው» አለው።

ከሁሉም ለሚጣ የከበዳት የአባቷ ዝምታ ነው። አልተቆጣትም። ግን ለብዙ ቀን ሚጣ ብሎ አልጠራትም። «ልጅት፣ ጨው አቀብይኝ» ይላል፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ሚጣ መባሉ ያሳፍራት ነበር፤ አሁን ግን ናፈቃት። አንድ ማታ ውሃ ሳትጠየቅ በሳፋ ይዛለት ገባች። እግሩን ሲነክር «ትኩስ ነው፣ ሚጣ» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ቀዝቃዛ ልትጨምርለት ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

ትንሽ ቆይቶ እናቷ «ያንን ክፍል ለምን አትገቢበትም?» አለቻት። ሚጣ የራሷን ክፍል ስትመኝ ስንት ጊዜዋ ነው። ማሙሽ ሲተኛ ይራገጣል። ቢሆንም የአያቷ ክፍል ብቻዋን ለመግባት አስፈራት። አባቷ ራሱ መጥቶ ቁም ሳጥኑን ባዶ አደረገላት። መቀሶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የመላጫ ብሩሹን በጣቱ ዳሶ፣ ሁሉንም ካርቶን ውስጥ አኖረ። አልጋውን ወደ መስኮቱ ያዞርላት እንደሆነ ጠየቃት።

«ባለበት ይሁን» አለች።

የመጀመሪያውን ሌሊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እንቅልፍ ሲወስዳት አላወቀችም። የነቃችው ወለሉ ሲንቋቋ ነው። እርምጃው በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«አባዬ፣ ነቅቻለሁ» ልትለው አፏን ከፈተች። የሙሽራውን ታሪክ ልትጠይቀው፣ ተነስታ አጠገቧ ልታስቀምጠው ትችል ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር፤ እስኪነጋም ያወሩ ነበር።

አፏን መልሳ ዘጋች። ዓይኗንም ጨፈነች። ከዚያ እንደተኛ ሰው፣ እሱ እንዲሰማው ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። በቀስታ አወጣችው። ሌላ ደገመች።

አባቷ ብዙ ቆመ። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳብ አደረገላት። እርምጃው ኮሪደሩን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሲመለስ፣ አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማች። እሷ ግን ለጥቂት ጊዜ ያንኑ ትንፋሽ ቀጠለች፤ ምናልባት ገና እያዳመጠ ይሆናል ብላ።