ጉንዳን የወረረው ብስክሌት

«እትዬ ከድጄ፣ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሲሰግዱ ብስክሌቶቹን ማን ይጠብቅ ነበር?»

ከድጄን የጠየቃት መርማሪው መቶ አለቃ ያረጋል ነው። የእሷ ዓይን ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ እጁን ታስሮ ከተቀመጠው ልጇ ከሸረፋ አልነቀል አለ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት መሆኑን ሰምታለች።

ውድድሩ በዚያ ዓመት፣ በ1963፣ አራተኛው ነበር። የጀመሩት መስቀልን ሊውሉ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሦስት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ በወልቂጤ ይጋለባል፤ ከዚያ ብስክሌቶቹ በጭነት መኪና ቡታጅራ ይመጣሉ፤ በመጨረሻው ቀን ከቡታጅራ ተነስተው በቡኢ በኩል ጥያ ይገባሉ። ጠጋኙ ሸረፋ ስለሆነ ቡታጅራ ሲደርሱ ብስክሌቶቹ የሚያድሩት በከድጄ ግቢ ነው።

ሲመራ የነበረው ተወዳዳሪ ደበሌ ግን ጥያ አልደረሰም። ቡኢ ሊገባ ሲል ባለው ቁልቁለት ብስክሌቱ አልቆምለት ብሎ ከድልድዩ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ለምርመራ ቡታጅራ መጥቶ እዚያው ተቀበረ።

የከተማው ሰው ጣቱን የቀሰረው በሸረፋ ላይ ነው። ወልቂጤ ላይ ሰንሰለቱ ሲወልቅበት ደበሌ በሰው ፊት «አንተ አህያ ጫን እንጂ ብስክሌት አትንካ!» ብሎ ሰድቦት ነበር። ሸረፋም «ቁልቁለቱ ላይ ታስታውሰኛለህ!» ብሎ መልሶለታል።

«ምን ማለትህ ነው?» አለው ያረጋል።

«ፍሬኑን የማጠብቅለት እኔ መሆኔን እንዲያስታውስ ነዋ፣ ጌታዬ! ማታ አጠበቅሁለት። የውድድሩ ዳኛ አቶ ዱባለ ራሳቸው ጨብጠው አይተውታል።»

«አይቻለሁ፤ ደህና ይይዝ ነበር» አሉ አቶ ዱባለ።

ያረጋል ወደ ሁለተኛው ተወዳዳሪ ወደ ባዩ ዞረ። «ደበሌ ከሌለ ዋንጫው ያንተ ነው፤ አይደለም?»

«ዋንጫውን ለፈለጋችሁት ስጡት» አለ ባዩ በቁጣ። «ከኋላው ነበርኩ። በሁለት እጁ ፍሬኑን ሲጨብጥ አይቻለሁ፤ ጎማው ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ወርጄ ተሸከምኩት እንጂ ጥያ መቼ ደረስኩ?»

ያረጋል የተጣመመውን ብስክሌት ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቁጢጥ አለ። የፍሬኑ ሽቦ አልተበጠሰም። ብዙ ቆይቶ ከድጄን ጠራት።

«ምን ይታይዎታል?»

«ጉንዳን።» ፍሬኑ የሚይዘውን የጎማውን የብረት ክብ፣ ቸርኬውን፣ ወሮታል፤ በመሪውና በኮርቻውም ላይ ይርመሰመሳል።

«ልጅዎ ሰንሰለት የሚቀባበትን የግራሶ ቆርቆሮ ግን አንድም ጉንዳን አልነካውም። ቤትዎ ቅቤ አለ?»

«አለ፤ ማሰሮው ግን አልተከፈተም…» ብላ በመሃል ቆመች። የደበሌ እናት የሺመቤት ልጇን ልትሸኝ ከቡኢ መጥታ እሷው ዘንድ ነው ያደረችው። ስትመጣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዛ ነበር። ያ ቅጠል በማግስቱ ባዶውን አጥሩ ሥር ወድቆ ከድጄ ራሷ ጠርጋዋለች።

ጠጋ ብላ የቅጠሉን ነገር ለያረጋል ነገረችው።

«ጌታዬ፣ ልጄን ይፍቱልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ግን እሷ ፊት አይናገሩ። እናት ናት።»

«ዝም ካልኩ ከተማው ልጅዎን ዕድሜውን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ይለዋል። የቱ ይሻላል?»

ከድጄ ልጇን አየች። ከዚያ ቤት ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሐዘንተኛ አየች። ገብታ የሺመቤትን በክንዷ ደግፋ አወጣቻት።

ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ማታ ፍሬኑ ይሠራ ነበር» ብሎ ጀመረ ያረጋል። «ሽቦውም አልተነካም። ስለዚህ የተነካው ቸርኬው ነው። ቅባት የነካውን ቸርኬ ፍሬን አይዘውም። ግራሶ ነው እንዳልል ጉንዳን ግራሶ አይበላም። ቅቤ ነው። ጠዋት በብርዱ ረግቶ ነበር፤ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ደበሌ ፍሬን አላስፈለገውም። እዚያ ሲደርስ ፀሐዩ አቅልጦታል።»

«ታዲያ ማን ቀባው?» አለ ባዩ።

«ሊገድል የመጣ ሰው ቸርኬውን ብቻ ቀብቶ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን መሪውን ቀብቷል፣ ኮርቻውን ቀብቷል፣ ደወሏን እንኳ አልተዋትም። ክፉ ሰው ለኮርቻ አይጨነቅም። በመስቀል ሰሞን ደግሞ እናቱ አናቱን ቅቤ ሳትቀባው መንገድ የሚወጣ ልጅ ጥቂት ነው። የደበሌ ፀጉር ግን ደረቅ ነበር።»

የሺመቤት ቀና አለች። የሆነ ነገር የጠፋባቸው መስሏት ልትረዳቸው ፈለገች።

«ቅቤውንማ እኔ ነኝ የቀባሁት» አለች። «ከድጄ ስትሰግድ። ልጄ አናቱን አላስነካም አለኝ። ‹እማዬ፣ ሲያልበኝ ዓይኔ ውስጥ ይገባል› አለ። ብስክሌቱስ ዓይን የለው ብዬ እሱን ቀባሁለት፤ መሪውን ሲጨብጥ ስቆ እጁን ጠረገ። መንገዱ ይቅናለት ብዬ…»

የሺመቤት የአቶ ዱባለን ፊት፣ የባዩን ፊት፣ የሸረፋን ፊት ተራ በተራ አየች። በመጨረሻ ከድጄን አየች።

«ከድጄ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

ከድጄ አቀፈቻት። የእናቲቱ ጩኸት የመጣው ቆይቶ ነው።

አንድ ፖሊስ የሸረፋን እጅ ፈታ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ያረጋል ባርኔጣውን አውልቆ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ አልተካሄደም። ሸረፋ ነጻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ብስክሌት ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቸርኬውን በጣቱ ዳብሶ ይቀበለው ጀመር። አንድ ወር ታገሠ። ከዚያ ዕቃውን ሸክፎ የአዲስ አበባ መኪና ተሳፈረ፤ ከድጄም አልከለከለችውም።

የሺመቤት ቡኢ ለመግባት ያን ቁልቁለት መውረድ ነበረባት። ሁለት ጊዜ ተሳፍራ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ወርዳ በእግሯ ተመለሰች። ሦስተኛ አልሞከረችም። ሸረፋ ሄደ፤ የሺመቤት ከድጄ ቤት ቀረች።